ደባል ወይስ ራሱን የቻለ? ስለ ላፕቶፕ ግራፊክስ አመራረጥ

የመስቀል ሰሞን ሲቃረብ በሞርሲቶና በዙሪያዋ ባሉት የሐድያ መንደሮች የውጭ አገር ስልክ ይበዛል። በደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፍቶ ወይም ተቀጥሮ የሚሠራው ታላቅ ወንድም የእናቱን ጤንነት፣ የከብቱንና የእንሰቱን ሁኔታ ጠይቆ ከጨረሰ በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባውን ታናሹን አስጠርቶ «ለትምህርትህ ምን ልርዳህ?» ማለቱ የተለመደ ነው። መልሱም ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አንድ ዓይነት ሆኗል፤ ላፕቶፕ። «ምን ዓይነት ላፕቶፕ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ ከጓደኛው የሰማውን ይደግማል፤ «ግራፊክስ ያለው ይሁን።»

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣነው በዚህች አጭር ቃል ምክንያት ነው። «ግራፊክስ ያለው» የምትለው ቃል በላፕቶፑ ዋጋ ላይ የምትጨምረው ገንዘብ ቀላል አይደለም። ገንዘቡም የሚመጣው ወይ በሰው አገር እስከ ምሽት ከሚሠራ ወንድም፣ ወይም ከቤት ከተሸጠ በሬ ነው። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መድረሱ የሚታወስ ነው። ላፕቶፕ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። ስለዚህ ተማሪ የማያስፈልገውን ጨምሮ ቢገዛ የሚባክነው የቤተሰብ ላብ ነው፤ የሚያስፈልገውን አጉድሎ ቢገዛ ደግሞ እስኪመረቅ ድረስ ይቸገርበታል።

በዚያውም ላይ ላፕቶፕ ለተማሪ የጌጥ ዕቃ መሆኑ ቀርቷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሚወስዱት አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና የሚሰጠው በኮምፒዩተር ነው። ከሞርሲቶ ተነሥቶ ወደ ሆሳዕናው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ወደ ሌላ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ ልጅ፣ ብዙ ጊዜ ለራሱ የሚሆነውን የመጀመሪያውን ኮምፒዩተር የሚያገኘው እዚያ ነው። የመጀመሪያው ምርጫ ደግሞ ለብዙዎቻችን እስከ ምረቃ ድረስ የመጨረሻውም ነው።

ግራፊክስ ማለት ምን ማለት ነው?

በቅድሚያ አንድ የአነጋገር ጉድለት እናርም። «ግራፊክስ የሌለው ላፕቶፕ» የሚባል ነገር የለም። ማናቸውም ላፕቶፕ በስክሪኑ ላይ ፊደል ወይም ሥዕል የሚያሳይ ከሆነ፣ ያንን የሚሥል ክፍል በውስጡ አለ ማለት ነው። ጥያቄው አለው ወይስ የለውም ሳይሆን፣ ያለው ግራፊክስ ከማን ጋራ ይኖራል፣ ከምንስ ይመገባል የሚል ነው።

የላፕቶፕ ስክሪን ፒክስል ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ነው። ዛሬ በብዛት የሚታየው ስክሪን ወደ ጎን 1,920፣ ወደ ታች 1,080 ፒክስል አለው፤ ሲባዛ 2,073,600 ይሆናል። ስክሪኑ በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚታደስ እንደ ሆነ፣ በየሴኮንዱ ቀለማቸው የሚወሰን ነጠብጣቦች ከ124 ሚሊዮን ይበልጣሉ። የተከፈተው ጸጥ ብሎ የቆመ ጽሑፍ ከሆነ ከቅጽበት ወደ ቅጽበት የሚለወጠው ጥቂት ስለ ሆነ ሥራው ቀላል ነው። ነገር ግን ጥላና ብርሃን ያለው፣ የሚሽከረከር የሕንፃ ሞዴል ወይም የኳስ ጨዋታ ከሆነ፣ የያንዳንዱ ነጠብጣብ ቀለም እንደገና መሰላት አለበት።

ይህን ስሌት ዋናው ፕሮሰሰር ብቻውን ቢሠራው ይደክማል። ፕሮሰሰር ጥቂት ብርቱ ባለሙያዎች እንዳሉበት ቤት ነው፤ የተማወቁት የተማሪ ላፕቶፖች ከ4 እስከ 10 የሚሆኑ ኮሮች አሏቸው፤ እያንዳንዱም ኮር ውስብስብ የሆነውን ሥራ በፍጥነት ይወጣል። ግራፊክስ ግን ደቦ ነው። እንሰት በሚፋቅበት ቀን የተሰበሰቡት ሴቶች ሁሉም አንድ ዓይነት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራሉ፤ አንዲቱ ፍቃ እስክትጨርስ ሌላይቱ አትጠብቅም። ግራፊክስም እንዲሁ በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ሠራተኞች ተመሳሳይ ስሌት ጎን ለጎን የሚሠሩበት ክፍል ነው። ለምሳሌ ጂፎርስ አር ቲ ኤክስ 3050 የሚባለው የላፕቶፕ ካርድ 2,048 እንዲህ ያሉ ትንንሽ ኮሮች አሉት። ሥራው ለደቦ የሚመች ሲሆን ግራፊክስ ይገሰግሳል፤ የማይመች ሲሆን ግን ሠራተኞቹ ቆመው ይውላሉ። ይህ ነገር ኋላ ላይ ስለ ምርጫው ስንናገር ስለሚያስፈልግ አንባቢ ልብ ይበል።

ሁለቱ ዓይነቶች

ነጋዴዎች «ኢንተግሬትድ» እና «ዴዲኬትድ» ይሏቸዋል። እኛ ለዚህ ጽሑፍ ስንል የመጀመሪያውን «ደባል»፣ ሁለተኛውን «ራሱን የቻለ» ብለን እንጠራቸዋለን።

ደባሉ ግራፊክስ የሚኖረው በፕሮሰሰሩ ቤት ውስጥ ነው። የራሱ ጎተራ የለውም፤ የላፕቶፑን ራም ከፕሮሰሰሩ ጋራ ይካፈላል። በአንድ ማቀዝቀዣ ይቀዘቅዛል፤ ከአንድ የኤሌክትሪክ ድርሻ ይበላል። ራሱን የቻለው ግን ለብቻው የቆመ ቺፕ ነው። ቪራም የሚባል የራሱ ሜሞሪ አለው፤ ኤሌክትሪኩንም ለብቻው ይስባል፤ ሙቀቱም ለብቻው ስለሚታሰብ ላፕቶፑ ወፈር ያለና ከባድ ይሆናል።

ትንሽ ታሪክ ብንጨምር ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ኤንቪዲያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን፣ በ1999 ጂፎርስ 256 የተባለውን ካርድ «ጂፒዩ» በሚል ስም ለገበያ አቀረበ። በዚያን ዘመን ደባል ግራፊክስ ከፕሮሰሰሩ ውጭ በማዘርቦርዱ ላይ የሚቀመጥ ደካማ ነገር ነበር። ኤ ኤም ዲ በ2006 የግራፊክስ ሠሪውን ኤ ቲ አይን ገዛ። በ2011 ደግሞ ኢንቴልም ኤ ኤም ዲም ፕሮሰሰሩንና ግራፊክሱን በአንድ ቺፕ ላይ አድርገው ማውጣት ያዙ። ኢንቴል በ2020 አይሪስ ኤክስኢ የተባለውን አወጣ፤ በዚያው ዓመት አፕል ኤም 1 የተባለውን ቺፕ አወጣ፤ ኤ ኤም ዲም በ2022 ራዲዮን 680 ኤምን፣ በ2023 ራዲዮን 780 ኤምን አስከተለ። ስለዚህ «ደባል ግራፊክስ አይረባም» የሚለው አባባል በ2005 እውነት ነበር፤ ዛሬ ግን እንደ ላፕቶፑ ዕድሜ የሚለያይ ሆኗል። በአገራችን ገበያ በብዛት የሚገኙት ያገለገሉ ኤሊትቡኮች፣ ላቲትዩዶችና ቲንክፓዶች ውስጥ ያለው ዩ ኤች ዲ 620 እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ስለ ሆነ ከአዲሶቹ ደባሎች ጋራ አይወዳደርም፤ ይሁን እንጂ ለጽሑፍ፣ ለቪዲዮ መመልከትና ለኢንተርኔት አላነሰም።

ራሱን የቻለው ምን ይጠቅማል?

ዋናው ጥቅሙ የኮሮቹ ብዛት ብቻ አይደለም፤ የሜሞሪው ፍጥነትም ነው። ዲ ዲ አር 4 የተባለው ራም በ3,200 ፍጥነት በአንድ መስመር ሲሠራ በሴኮንድ እስከ 25.6 ጊጋባይት ያመላልሳል፤ በሁለት መስመር ሲሠራ 51.2 ይደርሳል። ደባሉ ግራፊክስ ይህንኑ ከፕሮሰሰሩ ጋራ መካፈል አለበት። ራሳቸውን የቻሉት ካርዶች ግን የራሳቸው ሜሞሪ በሴኮንድ ከ150 ጊጋባይት በላይ ሊያመላልስ ይችላል። ደቦው ምንም ያህል ብዙ ሰው ቢኖረው እንሰቱ እየተቆረጠ በፍጥነት ካልቀረበለት ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ የደባሉ ችግር ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም አንዳንድ ሶፍትዌሮች ከራሱን ከቻለው በቀር ሌላ የማይቀበሉ መሆናቸው ነው። ኤንቪዲያ በ2007 ኩዳ የተባለውን መሣሪያ ካወጣ ወዲህ የሳይንስ ስሌቶችና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራዎች በብዛት በኤንቪዲያ ካርድ ላይ እንዲሠሩ ሆነው ተጽፈዋል። ይህን በደባል ግራፊክስ ማካካስ አይቻልም።

ሦስተኛው ነገር ጥቅም ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው። በላፕቶፕ ውስጥ ያለው የግራፊክስ ቺፕ በማዘርቦርዱ ላይ ተበይዶ የሚመጣ ስለ ሆነ ኋላ ልጨምር ቢሉ የሚሆን አይደለም። ራም በብዙ ላፕቶፖች ይጨመራል፤ ዲስክም ይለወጣል፤ ግራፊክስ ግን በተገዛበት ቀን የተወሰነ ነው። በእውነት የሚያስፈልገው ሰው «ለጊዜው በዚህ ልቈይ» ማለት አይገባውም።

ምንስ ያስከፍላል?

ዋጋው በገንዘብ ብቻ አይለካም። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት አካባቢ ለሚያጠና ተማሪ ባትሪ ከምንም ነገር ይቀድማል። ስሌቱ ቀላል ነው። የባትሪው አቅም 50 ዋት ሰዓት ነው እንበል። ደባል ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ ጽሑፍ ሲጻፍበት በአማካይ 8 ዋት ቢበላ ከ6 ሰዓት በላይ ይቈያል። ራሱን የቻለው ካርድ ሥራ ጀምሮ ላፕቶፑ በጠቅላላው 60 ዋት ቢስብ ግን ያው ባትሪ 50 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። እርግጥ ነው፣ ከ2010 ጀምሮ ኤንቪዲያ ኦፕቲመስ በሚባል ዘዴ ካርዱ ሥራ በሌለበት ጊዜ እንዲተኛና ደባሉ እንዲተካው አድርጓል። ሆኖም ባለ ካርድ ላፕቶፖች ብዙውን ጊዜ የሚይዙት ኀይለኛ ፕሮሰሰር ስለ ሆነ፣ ካርዱ ተኝቶም ቢሆን ባትሪያቸው እንደ ቀላሎቹ አይቈይም።

የቻርጀሩም ነገር አለ። ቀላል ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ በ45 ወይም በ65 ዋት ቻርጀር ይሠራል፤ አዲሶቹም በዩ ኤስ ቢ ሲ ገመድ ይሞላሉ። ለጨዋታ የተሠሩት ግን ከ150 ዋት በላይ የሆነና እንደ ጡብ የከበደ ቻርጀር ይዘው ይመጣሉ። ከአንድ ሶኬት ስምንት ተማሪ በሚጠቀምበት ዶርም፣ ወይም በትንሽ የፀሐይ ኀይል መሣሪያ በሚበራ የገጠር ቤት፣ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ሙቀቱንም መርሳት አይገባም። ሆሳዕናና አካባቢዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ናቸው። አየሩ ቀዝቃዛ በመሆኑ ለኮምፒዩተር ይመቻል፤ ዳሩ ግን በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል። በዚያ ላይ የበጋው አቧራ ሲጨመርና ላፕቶፑ በብርድ ልብስ ላይ ተቀምጦ ሲሠራ፣ ባለ ካርዱ ላፕቶፕ ሙቀቱን መሸከም አቅቶት ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ያን ጊዜ የተከፈለበት ኀይል በከንቱ ቀረ ማለት ነው።

ለማን የትኛው ይገባዋል?

ከዚህ ቀጥሎ በየትምህርት ክፍሉ እንመልከት።

በቋንቋ፣ በታሪክ፣ በሕግ፣ በሶሲዮሎጂ፣ በማኔጅመንትና በሒሳብ አያያዝ ላሉት ተማሪዎች ደባሉ ይበቃል። ዎርድ፣ ኤክሴል፣ ፒ ዲ ኤፍ ማንበቢያና የኢንተርኔት ማሰሻ ራሱን የቻለ ካርድ አይፈልጉም። ኤስ ፒ ኤስ ኤስና ስታታም የሚደገፉት በፕሮሰሰርና በራም ነው፤ ሥራቸው ለደቦ የተዘጋጀ አይደለምና። የጤና ሳይንስ ተማሪዎችም ከዚሁ ወገን ናቸው።

የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ብዙዎቹ ካርድ የግድ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ፓይተን፣ ጃቫና ድረ ገጽ መሥራት የሚጠይቁት ፕሮሰሰር፣ ራምና ፈጣን ዲስክ ነው። በአንድሮይድ ስቱዲዮ የስልክ ፕሮግራም የሚሠራ ተማሪ 16 ጊጋባይት ራም ከካርድ ይልቅ ይጠቅመዋል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም በኢንተርኔት የሚሰጥ ስለ ሆነ ካርድ ሳይኖር ሊከታተሉት ይቻላል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል በራሱ ላፕቶፕ ማሠልጠን ለሚፈልግ ግን የኤንቪዲያ ካርድ ያስፈልገዋል፤ ይልቁንም የቪራሙ መጠን ወሳኝ ነው፤ 4 ጊጋባይት ቶሎ ይሞላል። እስከዚያው ጎግል ኮላብ በነጻ በሚያውሰው ግራፊክስ፣ ኢንተርኔት በሚገኝበት ቦታ ሆኖ መለማመድ ይቻላል።

የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ነገር የተለየ ነው። ሬቪት ላይ የሠሩትን ሞዴል በሉሚዮን አማካይነት እውነተኛ ሕንፃ አስመስለው ለማሳየት ራሱን የቻለ፣ ያውም ጠንካራ ካርድ ያስፈልጋቸዋል። ለእነርሱ ይህ ቅንጦት አይደለም፤ እንደ ማስመሪያና እንደ እርሳስ ያለ የሥራ መሣሪያ ነው። ሲቪል መሐንዲሶች ግን ሁሉም እንደዚያ አይደሉም። በአውቶካድ ጠፍጣፋ ሥዕል መሣልና በኢታብስ የሕንፃ ጥንካሬ ማስላት በጥሩ ፕሮሰሰርና በበቂ ራም ይሠራል። በአርክጂአይኤስ ፕሮ ሰፊ ካርታ በሦስት ገጽታ የሚሠሩ የጂኦግራፊ ተማሪዎች ካርድ ቢኖራቸው ይጠቀማሉ፤ በኪውጂአይኤስ መለስተኛ ሥራ የሚሠሩት ግን ያለ ካርድ ይወጡታል።

ቪዲዮ የሚያቀናብሩትን እንዳንረሳ። በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ የሰርግና የመዝሙር ቪዲዮ እያቀናበሩ የኪስ ገንዘብ የሚያገኙ ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም። የኢንቴል ደባል ግራፊክስ ከ2011 ጀምሮ ክዊክ ሲንክ የተባለ፣ ቪዲዮ ለመቀየርና ለማውጣት የተሠራ ክፍል በውስጡ አለው፤ ስለዚህ ለመለስተኛ ሥራ ይበቃል። ቀለም ማስተካከልና ልዩ ልዩ ኢፌክት የሚበዛበት ሥራ የሚሠራ ሰው ካርድ ቢገዛ ግን ገንዘቡን ሠርቶ ይመልሰዋል።

እዚህ ላይ ለአዲስ ገቢዎች የምንሰጠው አንድ ምክር አለ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት የጋራ ነው፤ የትምህርት ክፍል ምደባ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አርክቴክቸር እገባለሁ ብሎ ውድ ካርድ ያለው ላፕቶፕ ያስገዛ ተማሪ ምደባው ሌላ ሊሆንበት ይችላል። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ በመጀመሪያው ዓመት በቀላል ላፕቶፕ ወይም በቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተር ቈይቶ፣ ክፍሉን ካወቀ በኋላና የክፍሉን መምህራንና ታላላቅ ተማሪዎች በየትኛው ሶፍትዌር እንደሚሠሩ ከጠየቀ በኋላ መግዛቱ ይሻላል።

የተረሳው ሁለተኛ ራም

ብዙ ሰው ለካርድ ሲጓጓ የሚረሳው አንድ ርካሽ ነገር አለ። ደባሉ ግራፊክስ የሚመገበው ከራም ነው ብለናል። ራሙ አንድ ፍሬ ብቻ ከሆነ በአንድ መስመር ይሠራል፤ ሁለት ፍሬ ሲሆን ሁለቱ መስመሮች ይከፈቱና የምግቡ አቅርቦት እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ አይሪስ ኤክስኢ ነው፤ ኢንቴል ይህን ስም የሚሰጠው ራሙ በሁለት መስመር ሲሠራ ብቻ ነው። ያው ፕሮሰሰር አንድ ፍሬ ራም ብቻ ሲኖረው ዩ ኤች ዲ ግራፊክስ ተብሎ ይታያል። ፕሮሰሰሩ አልተለወጠም፤ የተጓደለው አንድ ፍሬ ራም ነው።

እንግዲህ 8 ጊጋባይት አንድ ፍሬ ያለው ላፕቶፕ የያዘ ተማሪ፣ ሁለተኛ 8 ጊጋባይት ቢጨምርበት ግራፊክሱም ይጠነክራል፣ ጠቅላላ ሥራውም ይቀልለታል። ይህ ወጪ ካርድ ላለው ላፕቶፕ ከሚጨመረው ዋጋ ጋራ የሚወዳደር አይደለም። በቀጫጭኖቹ ላፕቶፖች ራሙ ተበይዶ ስለሚመጣ ማስገቢያ ቦታ መኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል። ዲስኩም ኤስ ኤስ ዲ መሆን አለበት፤ የድሮው ተሽከርካሪ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ ከነካርዱ ይንቀራፈፋል።

በሱቅ ውስጥ የሚያጋጥሙ ነገሮች

የመጀመሪያው «8 ጊጋ ግራፊክስ» የሚለው ማስታወቂያ ነው። ዊንዶውስ ለደባሉ ግራፊክስ የራሙን ግማሽ ያህል እንዲበደር ይፈቅድለታል። 16 ጊጋባይት ራም ያለው ማናቸውም ላፕቶፕ በዚህ ስሌት «8 ጊጋ» ያሳያል። ይህ ብድር እንጂ ሀብት አይደለም።

ሁለተኛው የካርዱ ዕድሜ ነው። ኤም ኤክስ 110ና ኤም ኤክስ 130 የተባሉት ካርዶች እ.ኤ.አ. በ2017 የወጡ ናቸው፤ ራሳቸውን የቻሉ ቢሆኑም ሁለት መስመር ራም ያለው አይሪስ ኤክስኢ ይበልጣቸዋል። እንደዚሁ ኳድሮ የሚባል ካርድ ያላቸው ያገለገሉ ዜድቡኮችና ፕሪሲዥኖች በገበያ ይገኛሉ። ከእነዚህ መካከል የሚጠቅሙ አሉ፤ ሆኖም ኤንቪዲያ ማክስዌልና ፓስካል የተባሉትን የቈዩ ትውልዶች ከተለመደው የድራይቨር ማሻሻያ እንደሚያወጣ በ2025 አስታውቋል። «ካርድ አለው» ማለት ብቻውን ምስጋና አይሆንም።

ሦስተኛው አንድ ስም ሁለት ጕልበት ያለው መሆኑ ነው። የላፕቶፑ አር ቲ ኤክስ 3050 እንደ አምራቹ ምርጫ ከ35 እስከ 80 ዋት ሊሰጠው ይችላል። ባለ 35 ዋቱና ባለ 80 ዋቱ በስም አንድ ሆነው በሥራ ይራራቃሉ።

ይህን ሁሉ ለማረጋገጥ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ሻጩን በትሕትና «ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ ልየው» ብሎ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት መጫን ነው። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ በሚለው ውስጥ «ጂፒዩ 0» ብቻ ካለ ግራፊክሱ አብዛኛውን ጊዜ ደባል ብቻ ነው፤ «ጂፒዩ 1» ከታከለበት ሁለቱም አሉ፤ ስማቸውም እዚያው ተጽፏል። ከታች «ዴዲኬትድ» የሚለው የራሱን ሜሞሪ፣ «ሸርድ» የሚለው የብድሩን ያሳያል። ሜሞሪ የሚለውን ሲጫኑ ደግሞ ከራም ማስገቢያዎቹ ስንቱ እንደተያዘ ይታያል፤ «1 ኦፍ 2» የሚል ከሆነ ሁለተኛ ፍሬ የሚገባበት ቦታ ክፍት ነው። ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅሎ ለሩብ ሰዓት ያህል ቪዲዮ ማጫወትና ባትሪው ስንት በመቶ እንደ ወረደ ማየት ነው። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ካለ ሌላ ሱቅ መሄድ ነው።

ስለ ጨዋታና ስለ «ወደፊት»

አንዳንድ ጓደኞቻችን ሁለት ተቃውሞ ያቀርባሉ። የመጀመሪያው «ወደፊት ያስፈልገኝ ይሆናል» የሚል ነው። ይህ አባባል ለራም ይሠራል፤ ለካርድ ግን ብዙም አያስኬድም። ዛሬ በውድ የተገዛ ካርድ አራት ዓመት ሥራ ፈትቶ ሲቈይ ያረጃል፤ ያ «ወደፊት» በሚደርስበት ጊዜ በዚያው ዋጋ የተሻለ ይገኛል።

ሁለተኛው «ጨዋታ መጫወት ኀጢአት ነው ወይ?» የሚል ነው። አይደለም። ሲያጠና የዋለ ተማሪ ምሽት ላይ ኳስ ቢጫወት የሚነቅፈው የለም፤ ቀለል ያሉትንና ቈየት ያሉትን ጨዋታዎች አዲሶቹ ደባሎችም ያጫውታሉ። የምንነቅፈው ነገር ሌላ ነው። ለጨዋታ የተፈለገውን ካርድ «ለትምህርት ነው» ብሎ ማስገዛት ልክ አይደለም። ገንዘብ የሚልከው ወንድም ቺፕና ቪራም ላያውቅ ይችላል፤ የሚያምነው በታናሹ ቃል ብቻ ነው። ለጨዋታ የፈለገ ሰው «ለጨዋታም ጭምር ነው፤ ይህን ያህል ይጨምራል» ብሎ ቢነግረው ወንድሙ ፈቃደኛ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ገንዘቡ የእርሱ ላብ ስለ ሆነ ግን አውቆ መወሰኑ መብቱ ነው።

ስለዚህ ነገሩን ባጭሩ ስናጠቃልለው ይህን ይመስላል። የክፍልህ ሶፍትዌር ካርድ የሚጠይቅ ከሆነ፣ አሳንሰህ አትግዛ፤ ቢያንስ 6 ጊጋባይት ቪራም ያለውን፣ ዋቱንም ጠይቀህ፣ ገንዘቡ እስኪሞላ መጠበቅ ቢያስፈልግም ጠብቀህ ግዛ። የማይጠይቅ ከሆነ ደባሉን ያዝ፤ የተረፈውን ገንዘብ ሁለት ፍሬ በሆነ 16 ጊጋባይት ራም፣ በኤስ ኤስ ዲና ጤነኛ በሆነ ባትሪ ላይ አውለው። እኅቶቻችንም እንዲሁ አድርጉ። በሁለቱ መካከል ያለው፣ ስሙ ካርድ ሆኖ ጕልበቱ የደባል የሆነው ነገር ግን ለማንም አይበጅም፤ ዋጋው የካርድ፣ ባትሪው የካርድ፣ ሥራው የደባል ነውና።

ከዚያም በኋላ አንድ ቀሪ ነገር አለ። የተገዛው ላፕቶፕ ምን እንደ ሆነ፣ ለምን እንደ ተመረጠና ስንት እንደ ወጣበት በአንድ ወረቀት ጽፎ ለከፈለው ሰው መላክ ነው። ይህ ለወጣቱ ሒሳብ ማወራረድን ያስተምረዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ተራው ለሚደርሰው ለታናሽ እኅቱ ወይም ለጎረቤቱ ልጅም መነሻ ይሆናል።